የቢሲጂ ብልቃጥ ለአንድ ሕፃን ይከፈት?

ሲስተር (ክትባት ክፍል)፦ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ክትባት የሆነው ቢሲጂ የሚደርሰን 20 ሕፃናትን በሚያስከትብ ብልቃጥ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ አራስ ታቅፋ ብቻዋን የመጣች እናት «በክትባት ቀን ተመለሽ» ትባላለች። እኔ ለአንድም ሕፃን ቢሆን ይከፈት ባይ ነኝ።

የመድኃኒት ባለሙያ፦ ሲስተር፣ 19 ሕፃናት የሚከተቡበት መድኃኒት ሲደፋ ይታይዎት። ክምችቱ ሲያልቅ የሚጎዳው በሚቀጥለው ወር የሚወለደው ነው። ደግሞስ ቢሲጂ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት አይደለም እንዴ? ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ምን ይጎድላል?

ሲስተር፦ ብዙ ይጎድላል። በጊኒ ቢሳው ሲወለዱ ከ2.5 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት ቢሲጂን ማዘግየት የተለመደ ነበር። የባንዲም ጤና ፕሮጀክት ተመራማሪዎች ከእነዚህ መካከል ገሚሶቹን በዕጣ ለይተው ወዲያው ከተቡ፤ የቀሩትን እንደ ልማዱ አቆዩ። የሦስት ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ ወዲያው በተከተቡት ላይ የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ሞት በ38 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በዚህ ዕድሜ ሕፃናትን የሚቀጥፈው ቲቢ አይደለም፤ የደም መመረዝና የሳንባ ምች ነው። ታዲያ የቲቢ ክትባት ከእነዚህ እንዴት አዳናቸው?

የባዮሎጂ መምህር፦ እዚህ ላይ ልግባ። በክፍል ውስጥ «ያለፈ በሽታን የሚያስታውሱት ቲ እና ቢ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ አብሮን የሚወለደው መከላከያ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል» እያልን ኖረናል። በሆላንድ የናይሜኸን ከተማ ተመራማሪው ሚሃይ ኔቲያና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ተቃወሙ። በማግስቱ ዓመት ባወጡት ሥራ ቢሲጂ ከተከተቡ ጤነኛ ጎልማሶች ሞኖሳይት የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ወስደው፣ ከቲቢ ጋር ምንም ዝምድና ከሌላቸው የካንዲዳ ፈንገስና የስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ ጋር አገናኟቸው። ከክትባቱ በፊት ከሰጡት የበረታ ምላሽ ሰጡ፤ ከሦስት ወር በኋላም እንዲሁ። ዘረ መሉ (ዲኤንኤው) አልተለወጠም። ዘረ መሉ በተጠቀለለባቸው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ኬሚካላዊ ምልክት ስለሚቀመጥ፣ የመከላከያ ጂኖች በቀጣዩ ጥቃት ፈጥነው ይነሣሉ። ሞኖሳይት ራሱ በደም ውስጥ ከጥቂት ቀናት በላይ አይኖርም፤ ትውስታው ለወራት የሚዘልቀው ሕዋሱ በሚመረትበት መቅኔ ውስጥ ያሉት ግንደ ሕዋሳት ጭምር ስለሚለወጡ ነው።

ዶክተር (የሕፃናት ሐኪም)፦ መምህር፣ ግሩም ማብራሪያ ነው። ግን በቤተ ሙከራ የታየ ሁሉ አልጋ ላይ አይታይም። በዴንማርክ ሲወለዱ የተከተቡ ሕፃናት ሆስፒታል መግባታቸው አልቀነሰም። ወደ 4,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናትም ቢሲጂ ከኮቪድ እንደማይጠብቅ አሳይቷል። በሕንድ ከ2 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት የሩሲያው የቢሲጂ ዝርያ ተሰጥቶ የሞት ልዩነት አልታየም።

ሲስተር፦ ዶክተር፣ ጨቅላ በደም መመረዝ እምብዛም በማይሞትበት ዴንማርክ ምን ሞት ሊቀንስ ይችላል? የጎልማሶች ኮቪድም ሌላ ነገር ነው። የሕንዱን ግን በዋዛ አላልፈውም፤ በጊኒ ቢሳው የተሰጠው የዴንማርኩ ዝርያ ነበርና።

ዶክተር፦ እንግዲያው ማቀዝቀዣችን ውስጥ ያለው የትኛው ዝርያ እንደሆነ ሳይጠየቅ የ38 በመቶ ተስፋ ለእናቶች አይነገር። በወሊድ ጊዜ መከተቡን ግን አልቃወምም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

የመድኃኒት ባለሙያ፦ በየቀኑ በሚወለድበት ቦታ በየቀኑ ቢከፈት እስማማለሁ። በሳምንት ሁለት ሕፃናት በሚወለዱበት ቀበሌ ግን ባለ 10ሩ ብልቃጥ ይምጣ እንጂ ባለ 20ው አይደፋ።

ሲስተር፦ ባለ 10ሩ ይምጣ፣ ደስ ይለኛል። እስኪመጣ ግን ባለ 20ውም ይከፈት። እኔ በምሠራበት ቦታ የተደፋ መድኃኒት በቅጽ ተሞልቶ ይጠየቅበታል፤ ሳይከተብ የተመለሰ ሕፃን ግን የሚሞላበት ዓምድ የለም። ቢያንስ ይህ ዓምድ ይጨመርና ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይተን እንከራከር።