ሁለት ሲም የሚወስድ ሞደም ሁለቱንም ባንዴ ያሠራል?

የኮፒ ቤቷ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ፤ አምስት ኮምፒውተር። ኢንተርኔቱ በሞደም ነው። ሞደሙ ሁለት የሲም ማስገቢያ ስላለው የሁለት ኩባንያ ሲም ከተትኩበት። የሚሠራው ግን ሁሌ አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱን ባንዴ አብርቼ ፍጥነቱን መደመር ይቻላል? የምዝገባ ሰሞን ተማሪው ሲጎርፍ ቤቱ ይጨናነቃል፣ እኔም እሰደባለሁ።

የገመድ ሰው
አይቻልም እህቴ። ማስገቢያው ሁለት ቢሆንም ውስጡ ያለው ሬዲዮ (ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) አንድ ነው። ሁለተኛው ሲም ተጠባባቂ ነው፤ የመጀመሪያው ሲቋረጥ ይተካዋል፣ በቃ። ሻጮች "ሁለት ሲም ይሠራል" ይላሉ። አልዋሹም፤ ተራ በተራ ይሠራል።

ቢት
እዚህ ላይ ትንሽ ላርም። በአንድ ሞደም ከአንድ በላይ ግንኙነት መክፈት ይቻላል፤ ግን በአንድ ሲም። ለየግንኙነቱ የተለያየ ኤፒኤን (ግንኙነቱ በየትኛው የኩባንያው መግቢያ እንደሚያልፍ የሚለይ ስም) ይሰጠዋል። ስልካችንም ይህንኑ ያደርጋል፦ በ4ጂ ስንደውል ድምፁ በአንድ ኤፒኤን፣ ኢንተርኔቱ በሌላ ይሄዳል። የድርጅትን የግል መስመር ከተራው ኢንተርኔት ለመለየት ይጠቅማል። ፍጥነት ግን አይጨምርም፤ ሁሉም የሚያልፈው በዚያው ሬዲዮ ነው።

ሲሜ ጠፋ
ታዲያ ምን ይሻላል? እኔም ያው ነኝ።

የገመድ ሰው
ሁለት ሞደም፣ አንድ ራውተር። ዩኤስቢ ያለውና ኦፕን ደብሊውአርቲ (ነፃ የራውተር ሶፍትዌር) የሚጫንበት ይሁን፤ ከዚያ ኤምዋን3 (ሥራውን ለሁለቱ መስመሮች የሚያከፋፍል ፕሮግራም) ጫኑበት። እኔን ሁለት ነገር ቀኑን ሙሉ አንከራቶኛል። የሁዋዌ ሃይሊንክ ሞደሞች አድራሻቸው ብዙ ጊዜ 192.168.8.1 ነው። ሁለቱን ባንዴ ስትሰኩ ራውተሩ ይደናገራል። አስቀድማችሁ የአንዱን ወደ 192.168.9.1 ቀይሩ። ሌላው ኃይል ነው። ተራ ዩኤስቢ 2.0 ለአንድ ማስገቢያ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ሲግናል ሲደክም ሞደም ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። ከሶኬት ኃይል የሚያገኝ ሃብ (የዩኤስቢ ማባዣ) ግዙ። አለዚያ ሞደሙ በራሱ እየጠፋ ይበራል፣ እናንተ ኔትወርኩን ትረግማላችሁ።

የኮፒ ቤቷ
እንዲያ ካደረግኩ ይደመራል?

ቢት
ሥራው ይከፋፈላል እንጂ አይደመርም። ገሚሱ ኮምፒውተር በአንዱ፣ ገሚሱ በሌላው ይወጣል። አንድ ትልቅ ፋይል ግን የሚወርደው በአንዱ መስመር ፍጥነት ነው። የምር መደመር ከፈለግሽ እንደ ስፒዲፋይ ያለ አገልግሎት ያስፈልጋል፤ የተከፋፈለውን መልሶ የሚገጣጥም ሰርቨር በወዲያኛው ጫፍ አለው። በየወሩ ክፍያ አለው፤ ለኮፒ ቤት አልመክርም።

ሲሜ ጠፋ
ቆይ፣ ራውተሩስ ለምን? ሌላ የዋይፋይ ሞደም ገዝታ ሦስቱን በአንዱ፣ ሁለቱን በሌላው ብታገናኝስ?

የገመድ ሰው
እሱም ያስኬዳል። እንዲያውም ይረክሳል።

የኮፒ ቤቷ
አደረግኩት! መጨናነቁ ቀለል ብሏል። አንድ ችግር ብቻ፦ ፕሪንተሬ በዋይፋይ ነው የሚሠራው፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች አሁን አያገኙትም። ልጆቹ ፋይል በፍላሽ ይዘው ወዲህ ወዲያ እያሉ ነው።

ቢት
አዎ፣ አሁን ያሉት ሌላ ኔትወርክ ላይ ነው። ፕሪንተሩን ብዙ የሚያትመው ወገን ጋ ተዪው። ፍላሹ ከሰለቸሽ ግን ያው ራውተሩን መግዛትሽ ነው።