ፒኑን ስይዝ ባፈር ያልቃል፣ ስለቀው ጽሑፉ ይበላሻል

ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 16 ላይ በሲ የጻፍኩት ኤክስቴንሽን ረድፎችን በቲአይዲ (ረድፉ ያለበትን ገጽና ቦታ በሚጠቁም ቁጥር) እያመጣ ለእያንዳንዱ አንድ ስሎት (አንድ ረድፍ የሚይዝ መዋቅር) ይይዛል፤ ረድፎቹን የማወዳድረው መጨረሻ ላይ ነው። የጋራ ባፈሩ (ከዲስክ የተነበቡ ገጾች የሚቀመጡበት ሜሞሪ) 128 ሜጋባይት፣ ማለትም ባለ 8 ኪሎባይት 16384 ገጽ ነው። ስሎቶቹ ፒናቸውን (ገጹ ከባፈር እንዳይወጣ የሚያግደውን መያዣ) ስለማይለቁ ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ ፒን የሌለበት ባፈር ጠፋ ብሎ ይቆማል።

በ«ሪሊዝባፈር» በቀጥታ ስለቀው፣ ስሎቱ ሲጸዳ ያንኑ ፒን ሁለተኛ ሊለቅ ይሞክራል። በ«ኤክሴክክሊርታፕል» ፒኑ በወጉ ይለቀቃል። ችግሩ ቀድሜ በ«ስሎት ጌትአትር» ያወጣሁት የቴክስት ዓምድ ገጹ ውስጥ የሚያመለክት ፖይንተር ብቻ መሆኑ ነው፤ ገጹ ከባፈር ሲወጣ «አዲስ አበባ» የነበረው የሌላ ረድፍ ቁራጭ ሆኖ ይነበባል። ኢንቲጀሮቹ በዋጋቸው ስለሚቀዱ ደህና ናቸው።

«ኤክሴክማቴሪያላይዝስሎት» ረድፉን ሙሉ ቀድቶ ፒኑን ይለቃል፤ እኔ ግን ከ40 ዓምድ የምፈልገው 2 ብቻ ነው። ሁለቱን በ«ዴተምኮፒ» ረጅም ዕድሜ ባለው ሜሞሪ ኮንቴክስት (አንድ ላይ በሚለቀቅ የሜሞሪ ክፍል) ቀድቼ፣ አንዱን ስሎት በየረድፉ እያጸዳሁ ብጠቀም፣ ቶስት (ትልልቅ ዋጋዎች ከዋናው ሠንጠረዥ ውጭ የሚቀመጡበት) ውስጥ ላለ ዋጋ ቅጂው ብቻውን ይበቃል ወይስ ከመቅዳቴ በፊት ዲቶስት ማድረግ (ሙሉ ዋጋውን ከዚያ ማምጣት) አለብኝ?