የሚራ ናይርን ፊልሞች በሦስት ቅዳሜ ልናሳይ ነው፤ የትኞቹን እንምረጥ?

ሰናይት ዘኮንዶሚኒየም (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ በኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል ቤት በፕሮጀክተር ፊልም እናያለን። ሃያ አምስት ያህል ነን፤ ወጣቶች እንበዛለን፣ ግን አምስት ስድስት እናቶች አይቀሩም። እነሱ ዘንድ የህንድ ፊልም ማለት ዘፈን፣ ዝናብ ላይ ጭፈራና የጠፋ ወንድም ነው።

ቀጣዮቹን ሦስት ቅዳሜዎች ለህንዳዊቷ ዳይሬክተር ለሚራ ናይር ሰጥተናል። ከፊልሙ በፊት አሥር አሥር ደቂቃ ስለ ሥራዋ እንድናገር የተመደብኩት እኔ ነኝ፤ ያየሁት ግን «መንሱን ዌዲንግ»ን ብቻ ነው! ንግግሬን «የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማ አንበሳን፣ ለህንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገኘች፣ የኒውዮርኩ ከንቲባ የዞህራን ማምዳኒ እናት» ብዬ ጀምሬዋለሁ። የትኞቹን ሦስት ብናሳይ ነው መንገዷ የሚታየው? እናቶች ፊት የሚያሳፍርስ የትኛው ነው?

አቤል 22
እህቴ፣ መጀመሪያ ያቺን ዓረፍተ ነገር አስተካክያት። ወርቃማው አንበሳ በ1957 ለህንዳዊው ዳይሬክተር ለሳትያጂት ሬይ ፊልም «አፓራጂቶ» ተሰጥቷል (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሚራ በ2001 በ«መንሱን ዌዲንግ» ስትወስደው ከህንድ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ እንዲያ በይው።

ከልጇም አትጀምሪ። ልጁ በ1991 ካምፓላ ሲወለድ እሷ በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸልማ ለኦስካርም ታጭታ ነበር። እኛ ሰው ስናስተዋውቅ የእከሌ እናት፣ የእከሌ ሚስት ማለት ይቀናናል።

በ1957 ኦዲሻ ውስጥ ሩርኬላ ተወለደች። ዴልሂ ቲያትር ስትሞክር ቆይታ በነጻ ትምህርት ዕድል ሃርቫርድ ገባች፤ ዶክመንተሪ የጀመረችው እዚያ ነው። አንዱ ሥራዋ ሚስቱን አገር ቤት ትቶ ኒውዮርክ ጋዜጣ የሚሸጥ ህንዳዊ ታሪክ ነው። ሌላው የቦምቤይን (የዛሬዋን ሙምባይ) የምሽት ክበብ ጨፋሪዎች ኑሮ ያሳያል። ስለዚህ ልብ ወለድ ፊልም ስትጀምር የጎዳናውንም የስደቱንም ሰው ታውቀው ነበር። አሥር ደቂቃሽን እዚህ ላይ አውጪው፤ የሽልማት ዝርዝር ለማንም አይጠቅም።

ትዕግሥት (ከጎዳና ልጆች ጋር እሠራለሁ)
የመጀመሪያው ቅዳሜ «ሰላም ቦምቤይ» ይሁን። ስሙን እንኳ እናቶች ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል።

ክሪሽና የሚባል ልጅ የወንድሙን ሞተር ሳይክል አበላሽቶ 500 ሩፒ ሳይዝ ቤት እንዳይመለስ ይነገረዋል። ሰርከስ ቤት ተቀጥሮ ሰርከሱ ጥሎት ሲሄድ ቦምቤይ ይገባና ሻይ አመላላሽ ይሆናል። የሚተውኑት ልጆች እውነተኛ የጎዳና ልጆች ናቸው። ሚራ ከመቅረጿ በፊት ከመቶ በላይ ልጆች ሰብስባ በልምምድ ከቆየች በኋላ ነው ከእነሱ የመረጠችው። የተቀረጸውም ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ከተማው መሐል ነው። ፊልሙን ስታዪ ልጆቹ ካሜራውን የረሱት ይመስልሻል። እኔ ሥራዬ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ፊልም እናደዳለሁ፤ በዚህ አልተናደድኩም።

በ1988 ካን ላይ ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን ካሜራ ዶር ወሰደ። ለኦስካር ከታጩ የህንድ ፊልሞችም ሁለተኛው ነው። አንደኛው «ማዘር ኢንዲያ» ነበር። ይቺን ለእናቶች ንገሪያቸው፣ ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጋሉ።

ከፊልሙ በተገኘ ገንዘብ የተቋቋመው «ሰላም ባላክ ትረስት» ዛሬም የጎዳና ልጆችን ይረዳል። ክሪሽናን የተወነው ልጅ ግን የህንድን ብሔራዊ ሽልማት አግኝቶም የፊልም ሥራ አልቀናውም፤ አድጎ ባንጋሎር ውስጥ ባጃጅ ነጂ ሆነ። ሁለቱንም ንገሪያቸው። አንዱን ብቻ ማውራት ልክ አይመስለኝም።

ዮናስ ሲኒማ
ትዕግሥት ያልሽው ልክ ነው፣ ግን በ«ሰላም ቦምቤይ» ከጀመራችሁ ሁለተኛው ቅዳሜ ሰው አይመጣም። ሴተኛ አዳሪ ቤት የተሸጠች ታዳጊ አለች፣ ዕፅ አለ፣ ከባድ ነው። በ«መንሱን ዌዲንግ» ጀምሪ። ዴልሂ ውስጥ የፑንጃቢ ሰርግ ነው፦ ድንኳን፣ ዘመድ ከየአገሩ፣ በወጪው የሚጨነቅ አባት። የኛ ሰርግ ማለት ነው! በ30 ቀን ተቀርጾ ያለቀ ፊልም ነው። ከተቀረጸው የተወሰነው በአውሮፕላን ማረፊያ ኤክስሬይ ተቃጥሎባቸው እንደገና ቀርጸዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በልጅነቷ በቤተሰቡ ዘመድ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባት ሴት ታሪክ አለበት። የሚያሳፍር ትዕይንት ሳይሆን የሚነገር ነገር ነው፤ እናቶችም ምናልባት ከሁሉ በላይ የሚያወሩት እሱን ይሆናል። የወሲብ ትዕይንት ያለበትን ፊልሟን «ካማ ሱትራ»ን ግን ኮሚናል ቤት አታስገቢው፣ አደራ።

ካምፓላ ነበርኩ
እኔ አራት ዓመት ካምፓላ ሠርቻለሁ፣ «ሚሲሲፒ ማሳላ»ን የምትዘሉ ከሆነ እጣላችኋለሁ። ኢዲ አሚን በ1972 በ90 ቀን ውጡ ካላቸው የኡጋንዳ ህንዶች አንዱ ቤተሰብ ሚሲሲፒ ገብቶ ሞቴል ውስጥ ይኖራል። ልጅቱ ዴንዘል ዋሽንግተን የሚተውነውን ጥቁር ምንጣፍ አጣቢ ትወዳለች። ያን ጊዜ በአሜሪካ ነጮች የሚማረረው የህንድ ቤተሰብ ራሱ ምን እንደሚል ታያላችሁ። ሚራ ባለቤቷን ማህሙድ ማምዳኒን ያገኘችው ለዚሁ ፊልም ጥናት ኡጋንዳ ሄዳ ነው። ካምፓላ ላይ «ማይሻ» የሚባል የምሥራቅ አፍሪካ ወጣት ፊልም ሠሪዎች ማሠልጠኛም አቋቁማለች። በ2016 «ኩዊን ኦፍ ካትዌ»ን የሠራችውም እዚያው ነው። እሱ ልጆችም ሊያዩት ይችላሉ።

ሰናይት ዘኮንዶሚኒየም
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንዲህ አሰብኩ፦ አንደኛ «መንሱን ዌዲንግ»፣ ሁለተኛ «ሰላም ቦምቤይ»፣ ሦስተኛ «ሚሲሲፒ ማሳላ»። ይሆናል?

አቤል 22
ሦስተኛውን አሜሪካ የሄደ የህንድ ቤተሰብ ታሪክ የሆነውን «ዘ ኔምሴክ» ብታደርጊው እኔ ይሻለኛል፤ ልጆቻቸው ውጭ ላሉ እናቶች እሱን የሚያህል የለም። ደግሞ ተዋናዩ ኢርፋን ካን አለ። በ«ሰላም ቦምቤይ» ውስጥ መንገድ ዳር ደብዳቤ የሚጽፈው ወጣት እሱ ነው፣ እኛ ራፖር ጸሐፊ እንደምንለው። ሚናው አጥሮ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚታየው። በ2006 መልሳ ጠርታው በ«ኔምሴክ» አባትየው ሆነ። ሁለቱን አከታትላችሁ ብታዩ የሷ ሥራ 18 ዓመት ምን እንደመሰለ ፊቱ ላይ ይነበባል። ልጇንም ማንሳት ካለብሽ እዚህ ጋ አንሺው፦ አምስተኛውን «ሃሪ ፖተር» እንድትሠራ ተጠይቃ ስታመነታ «ኔምሴክ»ን ሥሪ ያላት የ14 ዓመቱ ዞህራን እንደነበር ራሷ ተናግራለች።

ካምፓላ ነበርኩ
አራት ቅዳሜ አድርጉታ።

ዮናስ ሲኒማ
ዋናው ችግር ቋንቋው ነው። «ሰላም ቦምቤይ» በሂንዲ ነው፣ «መንሱን ዌዲንግ» ሂንዲ፣ ፑንጃቢና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ ይሄዳል። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እናቶች አይከተሉትም። እንደ ትርጉም ፊልሞቹ አንድ ድምፁ የሚያምር ሰው ቀድሞ አይቶ በማይክ በአማርኛ ይከተልላችሁ፤ ድምፁን ትንሽ ቀንሱ፣ ዘፈን ሲመጣ ግን ዝም ይበል።

ሰናይት ዘኮንዶሚኒየም
አራተኛ ፎቅ አንድ ጋሼ አሉ፣ ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ዛሬ ማታ አንኳኳለሁ።