ለቀዝቃዛ ባሕር የትኛው ድራይሱት፣ የትኛው ጓንት?

ጠያቂ፣ ከአራት ኪሎ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለባሕር ሥነ ሕይወት ሥልጠና ወደ በርገን፣ ኖርዌይ ልሄድ ነው። መጥለቅ የተማርኩት ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ እዚያ ስስ ዌትሱት (ውሃ የሚያስገባ የጠላቂ ልብስ) ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን ድራይሱት፣ ማለትም ውሃ የማያስገባ ልብስ፣ እና ደረቅ ጓንት ግዢ ተብያለሁ። ኒዮፕሪን (አረፋ ያለው ወፍራም ጎማ) ይሻላል ወይስ ትራይላሚኔት (ሦስት ንብርብር ያለው ስስ ጨርቅ)? ገንዘቡ እናቴ የደረሳት እቁብ ስለሆነ ተሳስቼ መግዛት አልፈልግም።

የቀድሞ ባሕረኛ፣ ከካዛንቺስ፦
ልጄ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበርኩ። ለሥልጠና ተልኬ ባልቲክ ባሕር ውስጥም ገብቻለሁ። ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። ያን ቀን ሰውነቴ ደህና ነበር፤ ጣቶቼ ግን ለመስጠም የምታጠቀውን የእርሳስ ብረት ቀበቶ ዘለበት መፍታት አቃታቸው። የፈታልኝ ጓደኛዬ ነው። ስለዚህ ከጓንቱ ጀምሪ።

ደረቅ ጓንት ከእጅጌው ጋር በቀለበት ይገጠማል፤ ከውስጡ የሱፍ ጓንት ይደረጋል። ወደ ታች ስትወርጂ በውስጡ ያለው አየር ይጨመቃል። ከልብሱ አየር ካላገኘ ጎማው ጣትሽ ላይ ተጣብቆ ሙቀቱን ያጠፋዋል። መፍትሔው በእጅ አንጓው ማሸጊያ ሥር ቀጭን ቱቦ ማሳለፍ ነው፤ ነገር ግን ጓንቱ ከተቀደደ ውሃው በዚያችው ቱቦ ወደ ልብስሽ ይገባል። እኔ ብሆን ቱቦውን አስገብቼ፣ ላዩ ወፍራም የሆነ ጓንት እመርጣለሁ። የደነዘዘ እጅ ራስንም ጓደኛንም አያድንም።

የበርገን ነዋሪ፦
እህቴ፣ የጋሼን ምክር ያዢ። ስለ ልብሱ ከጠየቅሽኝ ትራይላሚኔት እላለሁ። ራሱ አያሞቅም፤ የሚያሞቅሽ ከሥር የምትለብሽው ነው፤ እሱን እንደ ወቅቱ ትቀያይሪያለሽ። በተለመደው ኒዮፕሪን ውስጥ ያሉት የጋዝ አረፋዎች ግን 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ይኮማተራሉ፤ ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። የአንገቱ ማሸጊያ በቀለበት የሚቀየር ሲሊኮን ቢሆን ጥሩ ነው፤ የእኔ ላቴክስ (ስስ ጎማ) ማሸጊያ ልጠልቅ ስዘጋጅ ተቀዶ ቀኔን አበላሽቶብኛል። ደግሞ ያለ አሠልጣኝ አትግቢበት። በልብሱ ውስጥ ያለው አየር ወደ እግርሽ ከሄደ ተዘቅዝቀሽ ሽቅብ ትወረወሪያለሽ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሰፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ መጀመሪያ በስስ ሸሚዝ፣ ከዚያ ሁለት የሱፍ ሹራብ ደርቤ ተለካሁ። ደረቴ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለው! ቁጢጥ ብዬም፣ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼም ለክተውኛል። የትኛውን ልኬት ልላክ?

የቀድሞ ባሕረኛ፦
ሻጩ የሰውነትሽን ልኬት ብቻ ከጠየቀ የሸሚዙን ላኪና ከሥር ምን እንደምትለብሽ ለይተሽ ጻፊለት፤ ሁለቱን ደምረሽ አትላኪ። ጓንቱ ሲደርስሽ ወደ ካዛንቺስ ብቅ በይ። ያ ቀበቶ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ጓንቱን አጥልቀሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ዘለበቱን መፍታት እስክትችዪ ትለማመጂበታለሽ።