ትልቋ ልጄ ኤም ኤል ዲ አለባት፤ ለአምስት ወሩ ወንድሟ ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት (ቨርጂኒያ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። በዓመት ከሁለት ወሯ በእግሯ ሄዳ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል መውደቅ አበዛች። ጫማው ነው ብለን ቀየርንላት፣ ከዚያ ፊዚዮቴራፒ አመላለስናት። አሁን ሳይደግፏት አትቆምም፣ ታውቃቸው የነበሩ ቃላትም እየጠፉባት ነው። ባለፈው ሳምንት ሜታክሮማቲክ ሉኮዲስትሮፊ፣ በአጭሩ ኤም ኤል ዲ የሚባል ነርቭን የሚጎዳ የዘር በሽታ ነው አሉን። ለጅን ቴራፒ፣ ማለትም የተበላሸውን ዘረ መል በጤነኛ ለሚተካው ሕክምና፣ ጊዜው አልፏል ተባልን። ዘመዶቻችን ግን ገንዘብ አዋጥተን ውጭ አገር ስቴም ሴል (ሌሎች ሴሎች የሚወለዱበት መነሻ ሴል) ወደሚወጋ ክሊኒክ እንውሰዳት ይላሉ። ወንድሟ አምስት ወሩ ነው፤ ይስቃል፣ ይገለበጣል፣ ምንም ምልክት የለውም። የእሱ ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው። እንጠብቅ?

የንቅለ ተከላ ክፍል ነርስ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አትጠብቂ። ነገ ጠዋት ደውለሽ «ኤም ኤል ዲ ያለባት እህት አለችው» በያቸው። በሽታው የሚመጣው የተበላሸው ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው፤ ለሱ ከአራት አንድ ዕድል አለ። በደሙ የአሪልሰልፋቴዝ ኤ ኢንዛይም፣ በሽንቱ ሰልፋታይድ፣ እንዲሁም በእህቱ የተገኘው የዘረ መል ለውጥ ይታይ። ሦስቱም ይታዘዙ። ኢንዛይማቸው ዝቅ ብሎ ጤነኛ የሆኑ ሰዎች ስላሉ የኢንዛይሙ ውጤት ብቻውን አይበቃም።

የምጣደፍበት ምክንያት ይኸውልሽ። ኢንዛይሙ ሲጎድል ሰልፋታይድ የሚባል ቅባት እየተጠራቀመ የነርቭ ሽፋኑን፣ ማየሊንን፣ ያፈርሳል። የኤም ኤል ዲ ጅን ቴራፒ በአሜሪካ ሌንሜልዲ ይባላል፤ ሚላኖ ሳን ራፋኤሌ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ አውሮፓ በ2020፣ አሜሪካ በ2024 ፈቀዱት። የልጁ የራሱ ስቴም ሴል ከደሙ ይለቀምና በላብራቶሪ ጉዳት እንዳያደርስ በተሠራ ቫይረስ አማካኝነት ጤነኛው ዘረ መል ይገባበታል። ከዚያ ልጁ ቡሱልፋን የተባለ ኬሞ ወስዶ ሴሎቹ በደም ሥር ይመለሱለታል። ከነዚህ ሴሎች የሚወለዱት ከፊሎቹ አንጎል ድረስ ገብተው ኢንዛይሙን ለሌሎቹ ያካፍላሉ። ይህ ግን ወራት ይፈጃል፤ በሽታው ሩጫውን ከጀመረ ይቀድመዋል። በሕፃንነት በሚጀምረው ዓይነት፣ ምልክት ሳይታይባቸው ከታከሙት ሁሉም በ6 ዓመታቸው በሕይወት ነበሩ፤ ካልታከሙት 58 በመቶው ብቻ። በ5 ዓመታቸው ከታከሙት 71 በመቶው ሳይደገፉ ይሄዱ ነበር።

የኸርለር ልጅ አባት፦
የኔ ልጅ በሽታው ሌላ ነው፣ ኸርለር ይባላል፣ እሱም ኢንዛይም የሚጎድልበት የዘር በሽታ ነው፤ በሌላ ሰው የእትብት ደም ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ኬሞው ግን ያው ነው። ፀጉሩ ይረግፋል፣ አፉ ቆስሎ ጡት ጭምር እምቢ ይላል፣ ሳምንታት ከአንድ ክፍል አትወጡም። ቡሱልፋን መካን ሊያደርግ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት ይህን ጠይቁ፤ እኛ የሰማነው ካለቀ በኋላ ነው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሌንሜልዲ ዋጋ በ2024 ሲወጣ 4.25 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ቁጥሩን ሰምታችሁ ግን ስልኩን እንዳትዘጉ። ሶሻል ወርከር ይመደብላችሁ፣ የግል ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም የሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ማመልከቻውን ከምርመራው ጎን ለጎን አስጀምሩ። የሚሰጡት ሆስፒታሎች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ሚኒያፖሊስ ነው፣ እዚያ ደግሞ የአገር ልጅ አታጡም። እንግሊዝኛ ብትችሉም ፈቃድ የምትፈርሙ ቀን አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው።

እናት ከዳላስ፦
ስለ ክሊኒኩ እኔ ልንገርሽ። እኛ ሄደናል። ልጄ ሌላ የሉኮዲስትሮፊ ዓይነት ነበረባት። ከዘመድ፣ ከዕቁብ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተዋጣው ገንዘብ በሦስት መርፌ አለቀ፤ ምን እንደወጓት የሚገልጽ ወረቀት እንኳ አልሰጡንም። ስትመለስ ትኩሳት ይዟት አሥር ቀን ተኛች። ዘረ መሉ ያልታረመ፣ መቅኒ ላይ ያልተተከለ ሴል ለዚህ በሽታ ኢንዛይም አያመጣም። እባክሽ ገንዘቡን ለጉዞና ለቤት ኪራይ አስቀምጪው።

ለትልቋም «ጊዜው አልፏል» ማለት ሕክምና የላትም ማለት አይደለም። የፓሊያቲቭ ኬር፣ ማለትም ሕመምን የሚያስታግስ፣ ቡድን አሁኑኑ ጠይቂ። እግሯ ሲገተር ያማታል፤ ባክሎፌን የሚባል ጡንቻ የሚያፍታታ መድኃኒት አለ። መዋጥ ሲከብዳት ሳትከሳ በፊት ስለ ሆድ ቱቦ ተነጋገሩ። ቃላቷ ቢጠፉም ድምፅሽን ታውቃለች፣ ዘፍኚላት።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ደወልኩ፤ የእህቱን ነገር ስነግራቸው ቀጠሮውን ወደ ሐሙስ ጠዋት አመጡት። ሦስቱም ምርመራ ታዟል። ለወንድሜም ስለ ክሊኒኩ አነበብኩለት፤ ዝም ብሎ ቆየና «ሚኒያፖሊስ ከሆነ እኔ ነኝ የማደርሳችሁ» አለኝ።