የቤት ኮምፒውተር ጥበቃ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች ጥቆማ

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ ልጆቼ ለትምህርት፣ እኔም ለሥራ የምንጠቀምበት ዊንዶውስ 10 የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ አለን። አንቲቫይረስ ልግዛ ወይስ ነጻው ይበቃኛል? የት ባስጭንስ ይሻላል?

ምላሽ፣ ከደሴ፦ ወንድሜ፣ አንቲቫይረስ ከመግዛትዎ በፊት ዊንዶውሱ እንዴት እንደተጫነ ቢያጣሩ ይመረጣል። ፒያሳም ይሁን ሌላ ሰፈር፣ ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ ፈቃድ የሌለውን ዊንዶውስ በክራክ (የፈቃድ ቁጥጥሩን በሕገወጥ መንገድ በሚያልፍ ፕሮግራም) መክፈት የተለመደ ነው፤ ክራኩ እንዳይታገድ ሲባል የዊንዶውሱ የራሱ አንቲቫይረስ፣ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር፣ አስቀድሞ ይጠፋል፣ አንዳንዴም እንደጠፋ ይቀራል። በዚያ ላይ አንቲቫይረስ መግዛት በሩን ከፍቶ ትቶ ዘበኛ እንደመቅጠር ነው።

ለእርስዎ የምመርጠው ዲፌንደርን ነው፤ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ክፍያ የማይጠይቅና ለቤት አገልግሎት በቂ ነው። ካስፐርስኪ፣ ኢሴትና ቢትዲፌንደር ጥሩ ምርቶች ቢሆኑም ፈቃዳቸው በየጊዜው ይታደሳል፤ በኢንተርኔት ለማደስ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። የታሸገውን ከሱቅ ከገዙ ኮዱ ያልተፋቀ መሆኑን አይተው፣ እዚያው አስጀምረውት ይውጡ። «ዕድሜ ልክ ይሠራል» ተብሎ በርካሽ የሚጫነውን ግን ይለፉት፤ እሱም ያው ክራክ ነው።

ሱቅ በስም ከምጠቁም መለያውን ብነግርዎ ይሻላል። ፎርማት ከማድረጉ በፊት ፋይልዎን የት እንደሚያስቀምጥልዎ የሚናገር፣ ሲያስረክብም «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»ን ከፍቶ አረንጓዴ ምልክቶቹን አንድ በአንድ የሚያሳይ ባለሙያ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ይመረጣል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የደህንነት ማሻሻያ የሚሰጠው ማራዘሚያ ግን አለ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ለማስቀመጥ ከፈቀዱ ያለ ክፍያ ይመዘገባሉ። ዊንዶውስ 11 ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶቹ በቀር ስለማይቀበል፣ ላፕቶፕዎ የማያልፍ ከሆነ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን ያስቡበት፤ ነጻ ነው፣ ክራክም አያስፈልገውም።

ምላሽ፣ ከኮምቦልቻ፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ፍላሽ ግን ተዘንግቷል። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ሆነው ከታዩ፣ አንዱንም አይጫኑ፤ ቫይረሱ የሚነሳው ሾርትከቱ ሲከፈት ነው። ፋይሎቹ በአብዛኛው ተደብቀው እንጂ ጠፍተው ስላልሆነ፣ ፍላሹን በዲፌንደር ካስፈተሹ በኋላ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ቢያበሩ ሊያገኟቸው ይችላሉ። ለማስፕሪንት ብቻ ከሆነ ሰነዱን በቴሌግራም መላክ ይቀላል። ለመጠባበቂያ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከገዙም ኮፒው እንዳለቀ ይንቀሉት፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዓይነት ቫይረስ የተሰካ ዲስክ ካገኘ እሱንም ይቆልፈዋል።