ሩሯን ለሆኪ እንስጣት ወይስ ትቅር?

የፔዳው፦
ሰላም የጣና ዳር ልጆች። እስቲ ተከራከሩልኝ። ሰፈራችን ያለች የስፖርት አስተማሪ ሴት ልጆችን ሰብስባ የሜዳ ሆኪ ልታስጀምር ነው። ታናሽ እህቴ 14 ዓመቷ ነው፣ ሳትነግረን ተመዝግባ መጣች። አባዬ ሰምቶ «ዱላ ይዛ ሜዳ ለሜዳ ከምትዞር ሂሳቧን ታጥና» ብሎ ዘጋው። እኔ ግን የገና ጨዋታ የሚጫወት ሕዝብ ሆኪ እንዴት ያቅተዋል እላለሁ። ቆልማማ ዱላ፣ ትንሽ ኳስ (የገናዋ ሩር)፣ ሁለት ቡድን፣ ልዩነቱ ስሙ ብቻ ነው። እንዲያውም የባህል ስፖርት ተብሎ ለገና የሚወጣው ብር ወደ ሆኪ ቢዞር ባይ ነኝ። ገና ኦሎምፒክ የለውም፣ ሆኪ አለው። ምን ትላላችሁ?

ጋሽ ሩር፦
ልጄ፣ «ልዩነቱ ስሙ ብቻ» ካልክ ሩር ለግተህ አታውቅም ማለት ነው። እኔ አባይ ማዶ ስለጋ ነው ያደግሁት። የቀኝ ቅልጥሜ ላይ እስከ ዛሬ ጉብ ያለ ነገር አለ፣ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል። የመታኝ ልጅ ይቅርታም አላለኝ፣ እኔም አልጠበቅሁም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነዋ! ሆኪ ላይ ኳሷ እግርህን ከነካች ጥፋት ነው። ዱላው የሚመታው በጠፍጣፋ ጎኑ ብቻ ነው፣ በጀርባው ከነካህ ፊሽካ። አረንጓዴ ካርድ ካሳዩህ 2 ደቂቃ ውጭ ትቀመጣለህ። ጥሩ ጨዋታ ነው፣ አልጠላውም፣ ግን ገና አይደለም። የአንዱን ጉሮሮ ዘግቶ ሌላውን ማብላት ምን ይሉታል?

ግራኙ፦
ጋሼ፣ እኔ ግራኝ ነኝ። ዱላውን ገልብጬ ብይዘውስ?

ጋሽ ሩር፦
የግራኝ ዱላ በሕጉ የለም። እንደ ቀኝ ሰው ይዘህ መልመድ ነው።

ግራኙ፦
በቃ እኔ ከገና ጋር ነኝ። ሃሃሃ

ዓሳ ጠባሽ፦
የፔዳው፣ ብሩ ቢዞርስ የት ሊጫወቱበት ነው? በፈረንጆቹ ከ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ጀምሮ ትልልቁ ሆኪ የሚካሄደው በሰው ሠራሽ ሜዳ ነው። ሕንድን እዩ፣ በወንዶች። በሣር ሜዳ ዘመን እስከ 1964 ድረስ 7 የኦሎምፒክ ወርቅ ሰበሰበች። ሜዳው ሲቀየር በ1980 አንድ ወርቅ ጨመረችና ከዚያ ወዲያ እስከ ቶኪዮ ነሐስ ድረስ፣ 41 ዓመት ሙሉ፣ ሜዳሊያ ዓይኗ አላየም። ሕንድ ናት እንግዲህ! ደግሞ ከጨዋታ በፊት ሜዳው ውሃ ይረጫል፣ ኳሷ እንድትንሸራተት። እኔ ሰፈር ጣና አጠገብ ቁጭ ብለን ጀሪካን ይዘን ነው የምንሰለፈው፣ እናንተ ሜዳ ልታጠጡ።

የፔዳው፦
ኬንያስ? ጎረቤት አይደለችም? አቭታር ሲንግ ሶሃል የሚባለው ተከላካያቸው ከ1960 እስከ 1972 በ4 ኦሎምፒክ ተጫውቷል። በ1971 የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ላይ ኬንያ 4ኛ ወጣች። ከአፍሪካ አይቻልም የሚል ካለ ይምጣ።

ዓሳ ጠባሽ፦
ስሙን ያነበብከው መሰለኝ፣ ሲንግ። ያ ቡድን በአብዛኛው ከሕንድ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ፣ ሆኪው እቤታቸው ያለ ነው። ብዙዎቹ አገሩን ለቀው ሲሄዱ ቡድኑም አብሮ ሳሳ። ይኸውልህ፣ ጨዋታ የሚቆመው በብር ሳይሆን እቤት ሲኖር ነው። እኛ ቤት ያለው ደግሞ ገና ነው።

የቆራጣዋ፦
እናንተ ቤት! ወንድሞቼ፣ እኔ ቆራጣ ነው ያደግሁት፣ ሩሯን በእጄ እንኳን ነክቻት አላውቅም። ታኅሣሥ 29 ወንዶቹ ሲለጉ እኛ ዳር ቆመን «አሲና በል» እንላለን፣ ከዚያ እቤት ገብተን ድስት እናማስላለን። አንድ ዓመት ሩሯ እግሬ ሥር መጥታ ቆመች። ጎንበስ ስል አጎቴ ሮጦ መጥቶ ነጠቀኝ፣ ፊቱ አሁንም ትዝ ይለኛል። ስለዚህ «ገና ይበልጣል» ስትሉ ለማን እንደሆነ ንገሩኝ። ልጅቷ የተመዘገበችው ገናን ልትሽር አይደለም፣ መጀመሪያውኑ ማን ሰጣትና!

ለአባትህ ደግሞ የሕንዷን ሆኪ ተጫዋች የራኒ ራምፓልን ታሪክ ንገርልኝ። ሃርያና ውስጥ ሻሃባድ የምትባል ከተማ ልጅ ናት፣ አባቷ ጋሪ ነጂ። ራሷ እንደተናገረችው መጀመሪያ የተለማመደችው በተሰበረ ዱላ ነው። አሠልጣኙ እያንዳንዱ ልጅ በቀን ግማሽ ሊትር ወተት ይዞ ይምጣ ይላል፤ እነሱ ቤት ያለው 200 ሚሊ ሊትር ነው፣ እሷም ውሃ እየጨመረች ሞልታ ትወስድ ነበር። ቤት ውስጥ ሰዓት ስላልነበረ እናቷ ሰማይ እያየች ነው የምትቀሰቅሳት። በ15 ዓመቷ የዓለም ዋንጫ ተጫወተች፣ ቶኪዮ ላይ የሕንድን ሴቶች ቡድን በአምበልነት መርታ 4ኛ ወጡ፣ በ2024 አቆመች። ወተቱን ነው የወደድኩት፣ ሌላው የዜና ነው።

ዓሳ ጠባሽ፦
እታለም፣ አንጀቴን በላሽው። ግን አንዷን ራኒ ስንቆጥር እቤት የቀሩትን ማን ይቆጥራቸዋል? የሕንዱ የሆኪ ኮከብ ድያን ቻንድ 3 የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝቶ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ቸግሮት ነው የሞተው። የዚምባብዌ ሴቶችም አሉልሽ። በ1980 ሞስኮ ብዙ አገር ስላልመጣ በችኮላ ተጠርተው ሄዱ፣ የሴቶች ሆኪ ኦሎምፒክ የገባበት የመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ወርቁን ወሰዱ። ለእያንዳንዳቸው በሬ ይሰጣል ተብሎ የደረሳቸው የታሸገ ሥጋ ነው ይባላል።

የቆራጣዋ፦
ወርቁን ግን አልመለሱም አይደል? በሬው ቀረ፣ ቀረ።

ግራኙ፦
እኔ በሬውን ነው የማየው።

የፔዳው፦
እሺ፣ ብሩ ይዙር ያልኩትን አንስቻለሁ፣ ጋሽ ሩር ልክ ናቸው፣ ገና ባለበት ይቆይ። ስለ እህቴ ግን አልለቅም። ትናንት ማታ ለአባዬ የወተቱን ነገር ነገርኩት። «በውሃ?» አለ። «በውሃ» አልኩት። ሌላ አልተናገረም፣ ራቱንም ሳይጨርስ ተነሳ። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ወይራ ሲጠርብ አገኘሁት። ጫፉን ቆልምሞታል፣ እጀታው ላይ ጨርቅ ጠምጥሟል። ችግሩ፣ ዙሪያውን ድብልብል አድርጎ የጠረበው የገና ዱላ ነው፣ ጠፍጣፋ ጎን የለውም። እንዴት ብዬ እንደምነግረው ጨንቆኛል።

ጋሽ ሩር፦
እንዳትነግረው! ልጅቷን ከነዱላዋ ቅዳሜ አባይ ማዶ አምጣት፣ እኔ አስጀምራታለሁ። ጠፍጣፋውን አስተማሪዋ ትፈልግላት።

የቆራጣዋ፦
ጋሼ፣ እኔም መጣሁ።